ጥቂት ዕቃ፣ ብዙ ፈላጊ፦ የፔካ 12 ቸርቻሪዎች

ስለ አቅርቦትና ፍላጎት በክፍል ስናስተምር ዕቃ ሲያንስ ዋጋው ይወጣል፣ ሲበዛ ይወርዳል እንላለን። አባባሉ ትክክል ነው። ነገር ግን ያ ጥቂት ዕቃ ከብዙ ፈላጊዎች መካከል ለማን እንደሚደርስ በሙሉ አያስረዳም። ይህን ለመረዳት እስከ ጂቡቲ ከተማ ዳርቻ፣ እስከ ፔካ 12 ድረስ ብንወርድ ጥሩ ምሳሌ እናገኛለን።

ፔካ 12 ስሙን ያገኘው ከከተማው መነሻ ከሚቆጠረው ዐሥራ ሁለተኛ ኪሎ ሜትር ነው። ወደ ኢትዮጵያ በሚወስደው መንገድ ላይ ስለሚገኝ የአገራችን የጭነት መኪና ሾፌሮች ለብዙ ዓመታት ያውቁታል። እዚያም እንደ ሌላው የጂቡቲ ሠፈር ሁሉ በቀን አንድ ጊዜ በጉጉት የሚጠበቅ ዕቃ አለ፤ ይኸውም ጫት ነው። ያነሳነው ልናወድሰው አይደለም፤ የችርቻሮን ችግር እንደ እርሱ አጉልቶ የሚያሳይ ዕቃ ስላላገኘን ነው።

ጫቱ በሐረርጌ ደጋ፣ በአወዳይ አካባቢ፣ ተቀጥፎና ታስሮ በድሬዳዋ በኩል ይወርድና ቀትር ገደማ ይደርሳል። ካቲኖን የተባለው አነቃቂ ንጥረ ነገር ቅጠሉ ከተቀጠፈ በኋላ በሁለት ቀን ገደማ ውስጥ ኃይሉን ያጣል። በመሆኑም የትናንቱና የዛሬው ጫት ስማቸው አንድ ቢሆንም በገበያ ሁለት ዕቃዎች ናቸው። ቸርቻሪዋ (ሻጮቹ በብዛት ሴቶች ናቸው) በየቀኑ አዲስ ዕቃ ትቀበላለች። ለነገ ልታስቀምጠው አትችልም፤ ቢያልቅባትም እስከ ነገ ሌላ የለም።

ታዲያ ጭነቱ ያነሰ ዕለት ምን ታደርጋለች? ለዘወትር ደንበኞቿ የሚሆነውን ዙርባ ከእርጥብ ጆንያ ሥር ለብቻ ታኖራለች። መንገደኛ የተሻለ ዋጋ ቢሰጣትም ይህን ድርሻ በቀላሉ አትነካም። ነገሩ ቸርነት አይደለም። መንገደኛው ነገ አይመለስም፤ ደንበኛው ግን ጫት በተትረፈረፈበትና ሻጭ ሁሉ ገዢ በሚጣራበት ቀንም ወደ እርሷ ይመጣል። ዛሬ የተወችው ትርፍ ለዚያ ቀን መድን ይሆናታል። ከሰዓት በኋላ ቃሚው ሁሉ ወደየቤቱ ሲገባ ደግሞ የቀረው ዋጋው ይቀንሳል፤ አቅም ያጣ ገዢ የሚጠብቀው ይህንኑ ሰዓት ነው።

በደርግ ዘመን በቀበሌ ሱቅ ስኳር በካርድ ሲታደል ያየን ሰዎች ልዩነቱን እናስተውላለን። በዚያ የሚወስነው ካርዱ ነበር፤ በዚህ ትውውቅ ነው። ለሠፈሩ እንግዳ የሆነ ሰው የትኛው ይሻለዋል? ተማሪዎች ቢከራከሩበት ትምህርት የሚያገኙበት ይመስለናል።

ትውውቁን የሚያጸናው ዱቤ ነው። ደመወዝተኛው ወሩን ሙሉ እየወሰደ ሲከፈለው ይከፍላል። ዕዳው ሲከማች ከቤተሰቡ ቀለብ ይቀነሳል። ቸርቻሪዋም ብትሆን ለአከፋፋዩ መክፈል አለባት፤ ባለዕዳዋ መንገድ ከቀየረባት በማግስቱ ዕቃ የምታነሳበት ገንዘብ የላትም።