ውሻችንን ማን ይጠይቀዋል?
በባሕር ማዶ በሸራ ጀልባ ላይ ከውሻቸው ጋር የሚኖሩ ሰዎች አሉ። የጣና ታንኳ ደንገል ስለሆነ ውሃ እየጠጣ ይከብዳል፤ ቤት አይሆንም። በስሜን ደጋ ግን እረኛና ውሻው አንድ ጎጆ ያድራሉ። ቅርበቱ ያው ነው። ልዩነቱ ክትባቱ ላይ ነው፤ ባለጀልባው በብዙ አገር ወደብ የውሻውን የክትባት ወረቀት ይጠየቃል፣ የእኛን ጎንደር ላይ ማን ይጠይቀዋል?

የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል። በነርስነቴ ዘመን እጅግ የሚያናድደኝ «ትንሽ ጭረት ናት» የሚሉት ነገር ነበር። ልጆች ደግሞ ቁጣ ፈርተው ንክሻውን ይደብቃሉ፤ እናንተ አያቶች ሳትቆጡ ጠይቋቸው። ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቡ፤ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ውሰዷቸው። ቡችላውም 3 ወር ሲሞላው ይከተብ፣ በየዓመቱም ይደገምለት። በሽታው ከውሻ ወደ ስሜኑ ቀይ ቀበሮም ይተላለፋል።