ስለ ማደንዘዣ ጋዝና ስለ አየር

በኦፕራሲዮን ጊዜ በሽተኛው የሚስበው የማደንዘዣ ጋዝ በሰውነቱ ውስጥ የሚያልቅ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ዴስፍሉሬን የተባለውን ማደንዘዣ ብንመለከት፥ ሰውነት የሚለውጠው ከመቶ አንድ እጅ እንኳ የማይሞላውን ሲሆን፥ የቀረው በትንፋሽ ተመልሶ ይወጣል። ይኸውም ጋዝ ሐኪሞቹንና ነርሶቹን እንዳይጎዳ በቱቦ ተስቦ ወደ ውጭ ይለቀቃል። ይህ አሠራር ቤቱን ጠርጎ ጉድፉን ከጎረቤት ደጅ እንደሚደፋ ሰው ነው።

ጋዙ ወደ ሰማይ ከወጣ በኋላ ከምድር የሚነሣውን ሙቀት ይዞ ያስቀራል። በመቶ ዓመት ሒሳብ ሲታይ፥ 1 ኪሎ ዴስፍሉሬን ምድርን የሚያሞቀው 2,500 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚያሞቀውን ያህል ነው። መምህራን ይህን ከተማሪዎቻቸው ጋራ ሊያሰሉት ይችላሉ። አንዱ ጠርሙስ 240 ሚሊ ሊትር፥ ማለት ሁለት የሻይ ብርጭቆ ያህል ይይዛል፤ ክብደቱም ወደ 350 ግራም ነው። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል 2.3 ኪሎ ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሰጣል። እንግዲህ የአንዱ ጠርሙስ ጉዳት ከ350 ሊትር በላይ ቤንዚን ከማቃጠል ጋራ ይተካከላል።

ሴቮፍሉሬን የተባለው ሌላው ማደንዘዣ የዚህን ጉዳት ከአሥር አንድ እጅ እንኳ አያደርስም፤ ለአብዛኛውም ኦፕራሲዮን ይበቃል። የዴስፍሉሬን ብልጫ በሽተኛው ጥቂት ደቂቃ ቀድሞ መንቃቱ ነው። ስለዚህ ስኮትላንድ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2023 ዓ.ም. ዴስፍሉሬንን ከሆስፒታሎቿ አስወጣች። የአውሮፓ ኅብረትም በ2024 ባወጣው ሕግ፥ ሌላ ማደንዘዣ ለበሽተኛው የማይሆን ካልሆነ በቀር፥ ከጃንዩወሪ 1 ቀን 2026 ጀምሮ እንዳይሠራበት ከለከለ።

ይህን ያነበበ ሰው ግን «ማደንዘዣ ይቅርብኝ» እንዳይል አደራ እንላለን። ሰው ሳይደነዝዝ ከሚቀደድ ጋዙ ቢወጣ እንደሚሻል አንጠራጠርም። ደግሞም በሽተኛውን ሳይጎዱ ጋዝ መቈጠብ ይቻላል፤ መሣሪያው የወጣውን ትንፋሽ በኖራ ውስጥ አሳልፎ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ካስቀረ በኋላ ማደንዘዣውን መልሶ ይሰጣልና፥ ባለሙያው አዲስ የሚጨምረውን ጋዝ ሊቀንስ ይችላል።

እኛን ይበልጥ የሚያስገርመን ግን የናይትረስ ኦክሳይድ፥ በተለምዶ የሚያስቅ ጋዝ የሚባለው፥ ነገር ነው። ይህ ጋዝ ከ100 ዓመት በላይ በአየር ውስጥ ይቈያል፤ ከፀሐይ ጎጂ ጨረር የሚጋርደንን ኦዞንም ያሳሳል። በኤዲንብራ አካባቢ ባሉ ሆስፒታሎች ሲመረመር፥ ከተገዛው ጋዝ አብዛኛው በሽተኛ ሳይስበው ባክኖ እንደሚቀር ተደረሰበት፤ ከግድግዳ ውስጥ ከሚያልፈው ቧንቧ እየሾለከ የሚጠፋውም ብዙ ነበር። ስለዚህ ዋናውን ቧንቧ ዘግተው፥ ለሚያስፈልገው በሽተኛ ብቻ ትንንሽ ሲሊንደር ከማደንዘዣው መሣሪያ ጋራ ማያያዝን መረጡ።