ስለ ቅጅና ስለ ሁለት ሚዛን

ዛሬ የምንነጋገረው በሰው ድካም ሳይከፍሉ ስለ መጠቀም ነው። ነገሩ እንዲገለጽ ከሩቅ አገር ታሪክ እንነሣለን።

እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1940ዎቹ መጨረሻ፥ ተራራ በጋረዳቸው የአሜሪካ ከተሞች የቴሌቪዥን ሥርጭት በደኅና አይደርስም ነበር። ስለዚህ አንዳንድ ነጋዴዎች በኮረብታ ላይ አንቴና ተክለው፥ ምስሉን በሽቦ ወደየቤቱ እየሳቡ ገንዘብ መቀበል ጀመሩ። የኬብል ቴሌቪዥን አጀማመር ይህ ነው። ፕሮግራሙን ላዘጋጁትና ፊልሙን ለሠሩት ግን አይከፍሉም ነበር። ባለመብቶቹ ቢከሱም፥ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1968 እና በ1974 ለኬብሎቹ ፈረደ፤ ክፍያ የታዘዘባቸው በ1976 በወጣው ሕግ ነው።

ንግዱ ከበለጸገ በኋላ ግን ሳይከፍል ሽቦ የቀጠለ ሰው «ሌባ» ተባለ፤ በ1984 የወጣው ሕግም በእስራትና በገንዘብ የሚያስቀጣ አደረገው። ሽቦ መቀጠሉ ጥፋት መሆኑ አይካድም። ነገር ግን በሰው ሥራ የከበረ ድርጅት ከሳሽ ሆኖ ሲነሣ፥ «የሌባ ዐይነ ደረቅ መልሶ ልብ ያደርቅ» የተባለው ተረት ትዝ ይላል።

በአገራችንስ? የደራሲ መብት በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ታውቋል። የ1996 ዓ.ም. አዋጅ ቍጥር 410 ደግሞ የደራሲው ጥቅም በሕይወቱ ሳለና ከሞተ በኋላ እስከ 50 ዓመት እንዲጠበቅ፥ የብሮድካስት ድርጅትም በሥርጭቱ ላይ የ20 ዓመት መብት እንዲኖረው ደነገገ። እንግዲህ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን የደረሱት የጎጃሙ ተወላጅ ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ ያረፉት በ1996 ዓ.ም. ስለሆነ፥ የድርሰታቸው መብት እስከ 2046 ዓ.ም. ጸንቶ ይኖራል።

ልብ በሉ፤ ድርጅቱንና ደራሲውን የሚጠብቀው አንድ አዋጅ ነው። ስለዚህ «ፕሮግራሜን አትቅዱብኝ» የሚል ጣቢያ ለሚያሰማው ዘፈን ባለቤት ሊከፍል ይገባዋል። በደብረ ማርቆስ ገበያ ዘፈን እየገለበጠ የሚሸጥ ወጣት ቢገኝና ቢቀጣ፥ ያንኑ ዘፈን ሳይከፍል ማስታወቂያ የሚያደምቅበት ባለ ትልቅ ገንዘብ ነጋዴ ግን ቢታለፍ፥ ሕጉ ድኻን ብቻ የሚይዝ ወጥመድ ይሆናል።

እኛም የመንግሥት ሠራተኞች ራሳችንን እንመርምር። በመሥሪያ ቤት ፎቶ ኮፒ የሰው መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር አባዝተን የምናድል ከሆነ፥ ሌላውን ለመክሰስ አፋችን አይከፈትም። ሕግ የሚከበረው ለታላቁም ለታናሹም ሚዛኑ አንድ ሲሆን ነው።