ከኋላ ተመትቶ ከፊት መጎዳት

ካቺሲ በገበያ ቀን ከፈረስ የወደቀ፣ በዱላ የተመታ ወይም ከጭነት መኪና ላይ የተወረወረ ሰው ሲኖር ከብቦ የሚያየው ሁሉ ደም ይፈልጋል። ደም ካልታየ “ተርፏል” ይባላል። እኔ ግን የተመታው ቦታና አንጎል የተጎዳበት ቦታ ብዙ ጊዜ እንደማይገጣጠሙ ለአንባቢያን ማስረዳት እወዳለሁ።

አንጎል በፈሳሽ ተከቦ በራስ ቅል ውስጥ የተቀመጠ ለስላሳ አካል ነው። ሰው በጀርባው ወድቆ የኋላ ጭንቅላቱ መሬት ሲመታ ቅሉ ባለበት ይቆማል፤ አንጎሉ ግን ውስጥ ለውስጥ ይናጣል። በዚህ ጊዜ ከተመታው ወገን ይልቅ ተቃራኒው ብሶ ሊበልዝ ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ የሚጎዱት ከግንባር በስተጀርባ ያለው የፊተኛው ክፍልና በጆሮ ግንድ በኩል ያለው የጎን ክፍል ጫፍ ናቸው። ምክንያቱም በዚያ በኩል የቅሉ ወለል ሸካራና ጠርዛም ነው፤ የኋላው ግን ልሙጥ ነው።

የፊተኛው ክፍል ትዕግሥትንና ማመዛዘንን፣ የጎኑ ደግሞ ትውስታንና ንግግርን ይመራል። ስለዚህ ቁስሉ ከዳነ በኋላ ሰውየው ግልፍተኛ ወይም ዝንጉ ቢሆን ነገሩ የዓመል ላይሆን ይችላል። (“መድኃኒት አዞሩበት” ተብሎ ጎረቤት ከጎረቤት ሲጣላ አይቻለሁ።)

ከሁሉ የምፈራው ግን የጆሮ ግንድ ምት ነው። ከጆሮ ግንድ ከፍ ብሎ ያለው አጥንት ስስ ነው፤ ከሥሩም የደም ቧንቧ ያልፋል። አጥንቱ ሲሰነጠቅ ቧንቧው ሊቀደድና ደም በቅሉና በአንጎል ሽፋን መካከል ሊጠራቀም ይችላል። ክፋቱ ተመቺው “ደህና ነኝ” ብሎ በእግሩ ቤቱ ሊገባ መቻሉ ነው። እንግሊዛዊቷ ተዋናይት ናታሻ ሪቻርድሰን እ.ኤ.አ. በ2009 ካናዳ ውስጥ በበረዶ ሸርተቴ ላይ ስትወድቅ መጀመሪያ ሕክምና አያስፈልገኝም ብላ ነበር፤ የገደላት ይኸው ነው። በአረጋውያንና መጠጥ በሚያዘወትሩ ላይ ደግሞ ቀጫጭን ደም መላሾች ተበጥሰው ደሙ በሳምንታት ውስጥ ቀስ እያለ ሊጠራቀም ይችላል።

ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ የአንጎል ቀዶ ሐኪሞችን ያሠለጥናል፤ አዲስ አበባ ውስጥ ለድንገተኛ አደጋ የቆመው አቤት ሆስፒታልም አለ። ከካቺሲ እዚያ ለመድረስ ግን ሰዓታት ያስፈልጋሉ። እንግዲህ የተመታው ሰው ለመቀስቀስ ካስቸገረ፣ ደጋግሞ ካስመለሰው፣ ራስ ምታቱ እየበረታ ከሄደ፣ ምላሱ ከተሳሰረ ወይም አንዱ የዓይን ብሌን ከሌላው ከሰፋ “ጠጥቶ ነው፣ ይተኛበት” አይባልም። ሌሊትም ቢሆን መኪና ይፈለግለት፤ ሲጫንም አንገቱ አይወዛወዝ።