ቆጣሪው ከደጅ ሲነበብ፤ የገመድ አልባው የእጅ አንባቢ አሠራርና የተከራዩ ድርሻ

በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ከተሞች የሚኖሩ አንባብያን እንደሚያስተውሉት፣ የውሃ፣ የጋዝ፣ የመብራትና የማሞቂያ ፍጆታን ለመመዝገብ ከበር ወደ በር ይዞር የነበረው ሠራተኛ ከዓመት ወደ ዓመት እየጠፋ ሄዷል። ቢመጣም ደወል አይደውልም፤ በደረጃው ግርጌ ወይም በእግረኛው መንገድ ላይ ቆሞ በእጁ የያዘውን መሣሪያ ተመልክቶ ያልፋል። ከወራት በኋላ ሂሳቡ በፖስታ ይደርሳል። በዚህ ጽሑፍ ተንቀሳቃሹ አንባቢ እንዴት እንደሚሠራ ለማብራራት እንሞክራለን፤ ጥያቄያችን ግን የቴክኒክ ብቻ አይደለም። ቀድሞ ቁጥሩ ሲነበብ ነዋሪው በአጠገብ ይቆም ነበር። ዛሬ ንባቡ ያለ ምስክር ይካሄዳል። ታዲያ ቁጥሩን የሚያረጋግጠው ማን ነው? ከሠራተኛው ሌላስ ማን ሊሰማው ይችላል?

ጀርመንን ዋና ምሳሌ እናደርጋለን፤ ከወገኖቻችን ብዙዎች በኪራይ አፓርታማ የሚኖሩባት ከመሆኗም በላይ ጉዳዩ በሕግ በዝርዝር የተደነገገባት አገር ናትና። ቀድሞ በዚያ አገር በየማሞቂያው ላይ አንዲት የመስታወት ቱቦ ትለጠፍ ነበር። ማሞቂያው በሞቀ ቁጥር በውስጧ ያለው ፈሳሽ እየተነነ ይጎድላል፤ ሠራተኛው በዓመት አንድ ጊዜ መጥቶ ጉድለቱን በመሥመሮቹ ላይ ካነበበ በኋላ አዲስ ቱቦ ይተካል። የሚመጣበት ቀን በሕንጻው መግቢያ ላይ ይለጠፋል፤ ነዋሪው ከሥራው ቀርቶ ይጠብቃል፤ ካልተገኘ ፍጆታው ይገመታል። በአገራችንም ቆጣሪ አንባቢው በሩን ተዘግቶ ካገኘው ሂሳቡ በግምት ይሠራ እንደነበርና ይህም ስንት ሙግት ያስነሳ እንደነበር ብዙዎቻችን እናስታውሳለን። ስለዚህ ከደጅ ሆኖ ማንበብ መቻሉ ለነዋሪውም እፎይታ መሆኑን አንክድም።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ትውልዱ ግሪካዊ የሆነው ቴዎዶር ፓራስኬቫኮስ በአሜሪካ በስልክ መሥመር አማካይነት ቆጣሪን ጭምር ከሩቅ ለመከታተል የሚያስችል መሣሪያ ፈልስፎ በ1974 የፈጠራ ባለቤትነት መብት አግኝቶበታል (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በእጅ የሚያዘውን አንባቢ ያስገኘው ግን ራዲዮ ነው።

በቆጣሪው ውስጥ ወይም በላዩ አነስተኛ የራዲዮ አስተላላፊ ትገጠማለች። የምትሠራው ለ10 ዓመትና ከዚያ በላይ እንዲያገለግል በታሰበ ባትሪ ስለሆነ ዘወትር መናገር አትችልም፤ እንደየዓይነቷ በየጥቂት ሴኮንዱ ወይም በየጥቂት ደቂቃው ከሴኮንድ እጅግ ያነሰ ጊዜ የሚወስድ መልእክት ልካ ትተኛለች። ሕጉም ቁጥብነትን ያስገድዳታል። በአውሮፓ በብዛት በሚሠራበት በ868.95 ሜጋኸርዝ ሞገድ ላይ አንድ አስተላላፊ በሰዓት ውስጥ በድምሩ ከ3.6 ሴኮንድ በላይ አየሩን መያዝ አይፈቀድለትም፤ ኃይሉም ከ25 ሚሊዋት ማለፍ የለበትም። ሌላ ዓይነት ቆጣሪ ደግሞ አለ፤ አንባቢው በራዲዮ ሲቀሰቅሰው ብቻ የሚመልስ።

ሠራተኛው ከመውጣቱ በፊት የቀኑ ጉዞ ዝርዝር፣ ማለትም የሚነበቡት ቆጣሪዎች ቁጥር፣ ከመሥሪያ ቤቱ ኮምፒዩተር ወደ እጅ አንባቢው ይገለበጣል። ከዚያ በኋላ ሥራው በአብዛኛው ማዳመጥ ነው። መሣሪያው በአካባቢው የሚያልፈውን መልእክት ሁሉ ይሰማል፤ በዝርዝሩ ያለውን ይዞ የሌለውን ይጥላል። ያልተሰሙት በመስታወቱ ላይ ለይተው ይታያሉ። የምድር ቤት ወፍራም ግንብ፣ የጉድጓድ ብረት ክዳን፣ ጉድጓዱን የሞላ ውሃ ሞገዱን ያዳክማሉና ለእነዚህ ሠራተኛው ጥቂት መጠጋት ይኖርበታል። ማምሻውን ንባቡ ወደ መሥሪያ ቤቱ ይገለበጥና የሂሳብ ሥራው ይጀመራል።

መልእክቱ ምን ይዟል? ዋየርለስ ኤም ባስ በሚል ስም በሚታወቀው የአውሮፓ ደረጃ መሠረት በመጀመሪያ የአምራቹ ሦስት ፊደላት፣ ባለ ስምንት አሃዝ የመሣሪያው ቁጥርና ዓይነቱ ይመጣሉ። ቀጥሎ ፍጆታው ይከተላል፤ ይህኛው ክፍል 128 ቢት ርዝመት ባለው የምስጢር ቁልፍ ሊቆለፍ ይችላል። «ሊቆለፍ ይችላል» ማለታችን ያለ ምክንያት አይደለም፤ ደረጃው ሳይቆለፍ መላክንም ይፈቅዳልና። ቢቆለፍም እንኳ የመሣሪያው ቁጥር በግልጽ ይሄዳል።

በመልእክቱ ውስጥ የሌለውንም ማየት ይገባል። የተከራዩ ስም የለም፤ ስንተኛ ፎቅ፣ የትኛው በር እንደሆነም አይናገርም። ቁጥሩን ከቤቱ ጋር የሚያገናኘው መሣሪያው በተገጠመበት ዕለት ሰው የጻፈው መዝገብ ነው። ገጣሚው የሁለት ጎረቤታሞችን ቁጥር ካቀያየረ፣ ራዲዮው የጎረቤትን ፍጆታ በፍጹም ታማኝነት በእኛ ስም ያደርሳል። በመርፌ ወይም በጥርስ በሚሠራ አሮጌ ቆጣሪ ላይ አስተላላፊ ሲጨመር ደግሞ ሌላ ጉዳይ ይከተላል። ተጨማሪዋ የምትቆጥረው የቆጣሪውን ዙር ነው፤ መነሻ ቁጥሯ በእጅ ይሞላል፤ መነሻው ከተሳሳተ ወይም ዙር ካመለጣት በፊቱ ላይ የሚታየውና በራዲዮ የሚላከው ይለያያሉ። ቀድሞ እንዲህ ያለውን ስሕተት በአጠገብ የቆመው ነዋሪ ወዲያው ሊያርመው ይችል ነበር። በእኛ አስተያየት የአዲሱ አሠራር ዋና ጉድለት ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ብዙ የሚወራለት ግን ሌላው፣ የመደመጡ ነገር ነው።

ይህም በቀላሉ የሚታይ አይደለም። በ2012 የሳውዝ ካሮላይናና የራትገርስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በአሜሪካ የተስፋፉ የመብራት ቆጣሪዎችን መርምረው፣ መልእክቱ በየ30 ሴኮንዱ ያለ ምንም ቁልፍ እንደሚላክና ርካሽ የራዲዮ መሣሪያ ያለው ሁሉ ሊሰማው እንደሚችል አሳይተዋል። ከዚያም ቀደም ብሎ በ1989 ጆርጅ ሃርት የአንድን ቤት የኤሌክትሪክ አወሳሰድ በመከታተል ብቻ የትኛው ዕቃ መቼ እንደበራ ማወቅ እንደሚቻል አስረድቶ፣ ዘዴው ለስለላ ሊውል እንደሚችል በጽሑፍ አስጠንቅቆ ነበር። ጆሮ ጠቢ የሚለውን ቃል ከመዝገበ ቃላት ሳይሆን ከኑሮ ለተማረው ትውልዳችን ይህ ሰፊ ማብራሪያ አያሻውም። ማን ቤት አለ፣ ማን ሌሊት እንግዳ አሳደረ የሚለውን ለማወቅ የዚያን ጊዜ ሰው ያስፈልግ ነበር።

ሆኖም መጠኑን መለየት ይገባል። በዓመት ወይም በወር አንድ ጊዜ የሚወሰድ ድምር ስለ ነዋሪው አኗኗር የሚናገረው ጥቂት ነው፤ አደጋው የሚመነጨው ከንባቡ ድግግሞሽ ነው። የኔዘርላንድስ የላይኛው ምክር ቤት በ2009 ዘመናዊ ቆጣሪን ግዴታ የሚያደርገውን ሕግ የጣለው በዚሁ ሥጋት ሲሆን፣ በኋላ ነዋሪው እምቢ የማለት መብት ተጠብቆለታል። በ2018 ደግሞ የአሜሪካ የሰባተኛው ክልል ይግባኝ ፍርድ ቤት፣ የኔፐርቪል ከተማ በየ15 ደቂቃው የሚሰበስበው የመብራት ፍጆታ በሕገ መንግሥቱ አራተኛ ማሻሻያ ፊት እንደ ፍተሻ ይቆጠራል ብሏል፤ ዓላማው ወንጀል ማሳደድ ስላልሆነ ግን ተገቢ ፍተሻ ነው ሲል ከተማዋን ደግፏል።

ወደ ጀርመን እንመለስ። የአውሮፓ ኅብረት በ2018 ባሻሻለው የኃይል ቁጠባ መመሪያ መሠረት ከዲሴምበር 1 ቀን 2021 ጀምሮ የጸናው የማሞቂያ ወጪ ደንብ፣ አዲስ የሚገጠሙ መለኪያዎች ከሩቅ የሚነበቡ እንዲሆኑ ያዝዛል፤ ለነባሮቹ የተሰጠው ጊዜ እስከ 2026 ፍጻሜ ነው። «ከሩቅ» ማለት ወደ ተከራዩ ቤት ሳይገቡ ማለት ስለሆነ የእጅ አንባቢውም በዚሁ ይጠቃለላል። ከ2022 መግቢያ ወዲህ እነዚህ መሣሪያዎች ባሉበት ሁሉ ተከራዩ የፍጆታውን መረጃ በየወሩ ማግኘት አለበት። በየወሩ ሰው መላክ ውድ በመሆኑ በየሕንጻው ቋሚ ተቀባይ ይገጠም ጀምሯል፤ እንግዲህ ተከራዩን እንዲጠቅም የተሰጠው መብት ራሱ ንባቡን ያበዛዋል ማለት ነው።

የወሩ መረጃ ሲደርስ የመሣሪያውን ቁጥር በቤት ውስጥ ካለው ጋር ማስተያየት የመጀመሪያው ሥራ ነው። በማሞቂያው ላይ ያለው መለኪያ የያዝነውን ጊዜና ያለፈውን ዓመት መዝጊያ ቁጥር እያፈራረቀ ያሳያል፤ በውሃ ቆጣሪ ላይ ጥቁሮቹ አሃዞች ሜትር ኩቡን፣ ቀዮቹ ክፍልፋዩን ያመለክታሉ። የሂሳቡ ዓመት በሚዘጋበት ዕለት የሁሉንም ፎቶግራፍ ማንሳት የጠፋውን ምስክር ይተካል። መልእክቱ በቁልፍ ይላክ እንደሆነም አከራዩን በጽሑፍ መጠየቅ ይቻላል። ከሩቅ የሚነበብ መሣሪያ በጊዜው ካልተገጠመ፣ ወይም ወርኃዊው መረጃ ካልተሰጠ፣ ተከራዩ ከሚደርስበት ወጪ 3 በመቶ የመቀነስ መብት አለው። ቅነሳው ግን ተከራዩ ራሱ ካልጠየቀው አይመጣም፤ በዓመታዊው ሂሳብ ላይ የሚቀርብ ተቃውሞ ሁሉ ሂሳቡ ከደረሰበት ጊዜ አንሥቶ በ12 ወር ውስጥ ለአከራዩ መድረስ አለበት።