በዝርግ ሸክላ ላይ የሚኖር ዛፍ፦ የቦንሳይ ዳሰሳ ለጀማሪ

በዋሽንግተን ዲሲ በሚገኘው የአሜሪካ ብሔራዊ የዕፅዋት መናፈሻ ውስጥ አንድ የጃፓን ነጭ ፓይን አለ። ሥሩ ያረፈው በዝርግ ሸክላ ላይ ሲሆን ከ1625 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሰው እጅ ሳይለየው ኖሯል። በዚያ ዓመት በኢትዮጵያ አፄ ሱስንዮስ በዙፋን ላይ ነበሩ፤ ጎንደርም ገና አልተቆረቆረችም። በነሐሴ 1945 ሂሮሺማ ላይ አቶሚክ ቦምብ ሲጣል ዛፉ ከፍንዳታው 3 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ በግቢ ግንብ ተከልሎ ስለነበር ተረፈ። ባለቤቱ ማሳሩ ያማኪ በ1976፣ ጃፓን ለአሜሪካ 200ኛ ዓመት ካበረከተቻቸው 53 ቦንሳዮች አንዱ እንዲሆን ሰጡት። ከቦምቡ መትረፉ በመናፈሻው የታወቀው በ2001 የልጅ ልጆቻቸው ሊያዩት በመጡ ጊዜ ነው።

ዛፉን ይህን ያህል ዘመን ያኖረው ምሥጢራዊ ዘዴ የለም። ውሃው በሰዓቱ መድረሱ፣ ሥሩ በየጊዜው መታደሱ፣ አንዱ ትውልድ ለሚቀጥለው ሙያውን ማስረከቡ ነው። ቦንሳይ ለመጀመር ያሰበ ሰው በቅድሚያ ሊይዘው የሚገባው ቁም ነገርም ይኸው ነው፦ ጤና ይቀድማል፣ ቅርጽ ይከተላል። የሚከተለው ዳሰሳ የጥበቡን መነሻ፣ የዛፉን አሠራርና ጀማሪው ሊያውቃቸው የሚገቡ ዋና ዋና ሥራዎችን በዚህ ቅደም ተከተል ያስቃኛል።

የጥበቡ መንገድ

ዛፍንና ድንጋይን በዝርግ ዕቃ ላይ አሰናድቶ የተራራና የደን ገጽታ መሥራት የተጀመረው በቻይና ነው። በ706 በተሠራው የታንግ ሥርወ መንግሥት ልዑል የዣንግሁዋይ መቃብር ግድግዳ ላይ፣ ትንንሽ ዕፅዋትና ድንጋይ ያሉበት ትሪ ተሸክመው የሚሄዱ አገልጋዮች ተሥለው ይታያሉ። ቻይናውያን ይህን ጥበብ ፔንጂንግ ይሉታል። ወደ ጃፓን ከተሻገረ በኋላ በ1309 በተዘጋጀ የጥቅልል ሥዕል ላይ በዕቃ የተተከሉ ዛፎች ይገኛሉ። ጃፓናውያኑ ከጊዜ ጋር ትኩረቱን ከመልክዓ ምድሩ ወደ አንዱ ዛፍ አዞሩት።

በ1923 ታላቁ የመሬት መንቀጥቀጥ ቶኪዮን ባወደመ ጊዜ የከተማዋ ቦንሳይ አልሚዎች ንጹሕ አየር፣ ውሃና ሰፊ ቦታ ፍለጋ ወደ ሰሜን ተጓዙ፤ በ1925ም የኦሚያ የቦንሳይ መንደር ተመሠረተ። ዛሬም ከዓለም ዙሪያ ተማሪዎችና ጎብኚዎች ይሄዱበታል። ኮኩፉ የተባለው ታላቁ ዓመታዊ ትርኢት ደግሞ ከ1934 ጀምሮ በቶኪዮ ይታያል። በአሜሪካ ጥበቡን ካስፋፉት መካከል በኮሎራዶ የተወለዱት ጆን ናካ ቀዳሚ ናቸው። አሥራ አንድ የጥድ ወገን ዛፎችን በአንድ ትሪ ላይ ያቆሙበት «ጎሺን» የተባለው ሥራቸው አሁን በዋሽንግተኑ መናፈሻ ውስጥ አለ። በከተማዋና በአካባቢዋ ለሚኖሩ በርካታ ኢትዮጵያውያን ይህ ትልቅ ዕድል ነው፤ መግቢያው ነጻ በመሆኑ ማንም ሄዶ ጥሩ ቦንሳይ ምን እንደሚመስል በዓይኑ መማር ይችላል።

ዛፉ ለምን ትንሽ ሆኖ ይቀራል?

ቦንሳይ የሚባል የዛፍ ዝርያ የለም። «የቦንሳይ ዘር» ተብሎ በፓኬት የሚሸጠው የተራ ዛፍ ዘር ነው፤ ሜዳ ላይ ቢተከል ሙሉ ዛፍ ይሆናል። ዛፉን በረሃብና በጥማት በማሠቃየት ነው የሚያሳንሱት የሚለው ወሬም ልክ አይደለም። የተራበ ዛፍ ይደክማል፣ ቅርንጫፉ ይደርቃል፣ በመጨረሻም ይሞታል።

ትንሽነቱን የሚጠብቁት መግረዝና የሥር ቦታ መወሰን ናቸው። የቅርንጫፉ ጫፍ ኦክሲን የተባለ ሆርሞን ያመነጫል፤ ይህም ከታች ያሉት እምቡጦች እንዳያቆጠቁጡ ይይዛቸዋል። ጫፉ ሲቆረጥ እገዳው ይነሣና የጎን ቀንበጦች ይወጣሉ። ይህ በተደጋገመ ቁጥር አንዱ ቅርንጫፍ ሁለት፣ ሁለቱ አራት ይሆናሉ፤ ጉልበቱ ለብዙ ጫፎች ስለሚከፋፈልም ቅጠሉ እያነሰ ይሄዳል።

ጀማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚስቱት ግን የግንዱን ነገር ነው። ግንድ የሚወፍረው ብዙ ቅጠል በሚሠራው ምግብ ነው። ቀጭን ችግኝ ገና ከጅምሩ በትንሽ ሸክላ ከተተከለና በየጊዜው ከተገረዘ ለዓመታት ቀጭን ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ የቦንሳይ ዕድሜ በሁለት ይከፈላል። የመጀመሪያው ዛፉ በመሬት ወይም በሰፊ ዕቃ ላይ እንደ ልቡ አድጎ ግንድና ዋና ቅርንጫፍ የሚይዝበት ነው። ሁለተኛው ወደ ትንሹ ሸክላ ገብቶ ዝርዝሩ የሚጣራበት ነው። ወፍራም ግንድ የሚፈልግ ጀማሪ ወይ የጎለመሰ ችግኝ ይግዛ፣ ወይ ችግኙ ጥቂት ዓመት እንደ ልቡ እንዲያድግ ይተወው።

በየትኛው ዛፍ ልጀምር?

ለዚህ ጥያቄ ትክክለኛው መልስ የሚኖሩበት አየር ነው። የጃፓን ሜፕልና ፓይን ቅዝቃዜ ያለው የክረምት ዕረፍት ይፈልጋሉ፤ ያን ካላገኙ ከዓመት ዓመት ይዳከማሉ። በምዕራቡ ዓለም ሱቆች ለጀማሪ በብዛት የሚሸጠው ትንሽ ጥድም የውጪ ዛፍ ነው። ሳሎን ውስጥ የተቀመጠ ጥድ ከሞተ በኋላ እንኳ ሳምንታት አረንጓዴ ስለሚመስል ባለቤቱ ችግሩን የሚያየው ካለፈ በኋላ ነው።

ቤት ውስጥ ማሳደግ ለሚፈልግ ፋይከስ የተሻለ ምርጫ ነው። ሥሩም ቅርንጫፉም ሲቆረጥ ቶሎ ያገግማል፣ የጀማሪን ስሕተትም ይታገሣል። ብርድ ባለበት አገር በበጋ ውጪ ያድራል፤ የሌሊቱ ሙቀት ከ10 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ሲወርድ ወደ ውስጥ ገብቶ ብርሃን ያለበት መስኮት ሥር ይቀመጣል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ሙቀትን የሚችሉት ፋይከስ፣ ቡጋንቪላና የበረሃ ጽጌረዳ ይመረጣሉ፤ በከባዱ የበጋ ወራት ግን የቀትር ጥላ ያስፈልጋቸዋል።

በኢትዮጵያ ደጋ ለሚኖር ሰው ወይራ ድንቅ ዛፍ ነው። የዱር ወይራ በደቡብ አፍሪካ ከተወደዱት የቦንሳይ ዛፎች አንዱ ነው፤ ቅጠሉ ትንሽ፣ እንጨቱ ጠንካራ ሲሆን ክፉኛ ቢቆረጥም ከአሮጌው ግንድ ላይ እንደገና ያቆጠቁጣል። የሐበሻ ጥድም ይሞከራል፤ ነገር ግን አንድ ሕግ አለው። ቅርንጫፉ ላይ አረንጓዴ ሳይተርፍ ከተቆረጠ እንደገና አያቆጠቁጥምና ሁልጊዜ ጥቂት ቅጠል መተው ግድ ነው። ዋርካ ግርማ ቢኖረውም ቅጠሉ ሰፊ ስለሆነ በትንሽ መጠን መልክ ማስያዝ ለጀማሪ ይከብዳል።

ችግኙ ከችግኝ ጣቢያ ይገዛ። የደጋችን ጥድና ወይራ በብዙ ቦታ የቀሩት በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ደኖች ውስጥ ነው፤ ከእነዚህ አንዲት ችግኝ ነቅሎ መውሰድ የሀገርን ቅርስ መንቀል ነው። ሲመርጡ ቁመቱን ሳይሆን ግርጌውን ይመልከቱ፦ ከሥር ወፍሮ ወደ ላይ እየቀጠነ የሚሄድ ግንድ፣ በዙሪያው የተዘረጋ የላይ ሥር፣ ዝቅ ብሎ የሚጀምር ቅርንጫፍ ያለው ይሻላል።

አፈርና ሸክላ

ሥር ውሃ ብቻ ሳይሆን አየርም ይፈልጋል። ዝርግ ሸክላ በዚህ በኩል የራሱ ችግር አለው። የረጠበ ስፖንጅ በጠፍጣፋው ሲያዝ ውሃውን ይዞ ይቆያል፣ በቁሙ ሲያዝ ግን ብዙ ውሃ ይንጠባጠብለታል፤ በሸክላም እንዲሁ ዕቃው ዝቅ ባለ ቁጥር ከታች ረጥቦ የሚቀረው የአፈር ድርሻ ይበዛል። ለዚህ ነው የቦንሳይ አፈር ጠጠራማ የሚሆነው። ጃፓኖች አካዳማ የተባለውን የሸክላ አፈር እንክብል ከፑሚስና ከእሳተ ገሞራ ጠጠር ጋር ይቀላቅላሉ።

ኢትዮጵያ ውስጥ አካዳማ ፍለጋ መድከም አያስፈልግም። ለግንባታ የሚውሉት ፑሚስና ሬድ አሽ የሚባለው ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር የስምጥ ሸለቆ ሀብቶች ናቸው። በወንፊት ተነፍተው ዱቄታቸው ሲወጣ፣ ከ2 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ያለው ጠጠር ተመርጦ በደንብ ከበሰለ ጥቂት ኮምፖስት ጋር ሲቀላቀል ጥሩ መትከያ ይሆናል። ሸክላው ሰፋ ያሉ የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች ይኑሩት፤ በቀዳዳዎቹ ላይ ወንፊት ይነጠፍ፤ ዛፉ እንዳይነቃነቅም ሥሩ በሽቦ ከሸክላው ጋር ይታሰር።

ውሃና ብርሃን

ከጀማሪ እጅ ብዙ ዛፍ የሚጠፋው በውሃ ነው፤ አንዱ በጥማት፣ ሌላው በሥር መበስበስ። «በሁለት ቀን አንዴ» የሚል መርሐ ግብር አይሠራም፤ ፀሐይ፣ ነፋስ፣ የሸክላው መጠንና የቅጠሉ ብዛት ፍላጎቱን በየቀኑ ይለውጡታል። የሚሻለው በየጠዋቱ ጣትን ወይም ቀጭን እንጨት በአፈሩ ውስጥ ገባ አድርጎ ማየት ነው። የላዩ መድረቅ ሲጀምር፣ ከታች ባሉት ቀዳዳዎች እስኪወጣ ድረስ በወንፊት አፍ ማጠጫ ይጠጣል። እርጥብ ከሆነ ይታለፋል።

በበጋ ወራት ትንሽ ሸክላ በአንድ ቀን ሊደርቅ ስለሚችል ባለቤቱ መንገድ ሲወጣ አደራ የሚሰጠው ሰው ያስፈልገዋል። በክረምት ዝናብ ሲበዛ ደግሞ ሸክላውን በአንድ በኩል ከፍ አድርጎ ማዘንበል ከታች የሚቋጠረው ውሃ እንዲወርድ ይረዳል። ወይራና ጥድ ሙሉ ፀሐይ ይወዳሉ። ማዳበሪያ በዕድገት ወቅት በጥቂት በጥቂቱ ይሰጣል፤ ለታመመ ወይም ሥሩ ገና ለተቆረጠ ዛፍ ግን አይሰጥም።

መግረዝ፣ ሽቦና ሥር ማደስ

መግረዝ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የማያስፈልገውን ዋና ቅርንጫፍ በማውጣት የዛፉን አቋም የሚወስን ከባድ ሥራ ነው። ሁለተኛው የረዘሙ ቀንበጦችን እያሳጠረ መልኩን የሚጠብቅ ቀላል ሥራ ነው። ለሁለቱም ስለት ያለውና ንጹሕ መቀስ ያስፈልጋል።

ሽቦ ቅርንጫፍን ወደሚፈለገው አቅጣጫ ያዞራል። ለጀማሪ አሉሚኒየም ከመዳብ ይልቅ ለእጅ ይመቻል፤ ውፍረቱ የቅርንጫፉን ሲሶ ያህል ሆኖ በ45 ዲግሪ ገደማ ይጠመጠማል። ቅርንጫፉ ሲወፍር ሽቦው ልጡ ውስጥ እንዳይሰምጥ በየሳምንቱ መታየት አለበት። ሲወልቅም እየተቆራረጠ እንጂ እየተፈታ ባይሆን ይሻላል፤ መፍታት ቅርንጫፍ ይሰብራል።

ሥር ማደስ ብዙዎችን ያስፈራል፤ ዕድሜ የሚያረዝመው ግን እሱ ነው። ወጣት ዛፍ በሁለት ወይም በሦስት ዓመት አንዴ፣ ያረጀው ከዚያ ዘግይቶ፣ አዲስ ቀንበጥ ሊያወጣ ሲል ከሸክላው ይወጣል። ከሥሩ ሲሶ ገደማ ተቀንሶ በአዲስ አፈር ይተከላል፤ ለጥቂት ሳምንታትም ከኃይለኛ ፀሐይና ነፋስ ይጠበቃል። ከባድ መግረዝና ሥር መቁረጥ ባንድ ወቅት ባይደራረቡ መልካም ነው።

ቅርጽ ከመሬቱ ይወጣል

ጃፓኖች ቅርጾችን በስም ለይተዋል፦ ቾካን ቀጥ ብሎ የቆመ፣ ሞዮጊ እየተጠማዘዘ የሚወጣ፣ ሻካን ያዘነበለ፣ ኬንጋይ እንደ ገደል ላይ ዛፍ ከሸክላው በታች የሚወርድ፣ ፉኪናጋሺ ነፋስ ወደ አንድ ወገን የገፋው። እነዚህ ሁሉ በጃፓን ተራሮችና የባሕር ዳርቻዎች ከታዩ ዛፎች የተወሰዱ ናቸው። ደቡብ አፍሪካውያንም ጃንጥላ የመሰለውን ግራር አይተው የራሳቸውን ቅርጽ አዳብረዋል፤ እንዲህ ያሉ ዛፎችን ይሥል በነበረው ሠዓሊ ስምም ፒርኒፍ ብለውታል። በመተሐራና በዝዋይ መንገድ ጠፍጣፋ አናቱን ዘርግቶ የቆመውን ግራር፣ በደብር ግቢ የተጣመመውን ሽማግሌ ወይራ እያየ ላደገ ሰው ከእነዚህ የተሻለ መምህር የለም።

የመጀመሪያው ዓመት

ለጀመረ ሰው የምመክረው ለአየሩ የሚስማሙ ሁለት ወይም ሦስት ርካሽ ችግኞችን እንዲይዝ ነው፤ አንድ ዛፍ ብቻ ያለው ሰው እጁ አያርፍም፣ ያለ ጊዜው ይቆርጣል። በመጀመሪያዎቹ ወራት ውሃ ማጠጣትና ማየት ብቻ ይበቃል፦ ቀንበጡ መቼ ይወጣል? አፈሩ በስንት ቀን ይደርቃል? የትኛው ጎን ፀሐይ ያገኛል? ዛፉ ቦታውን ለምዶ በብርታት ማደግ ሲጀምር አንድ ቀላል መግረዝ ይደረግ፤ ሥሩ ለሚቀጥለው ዓመት ይቆይ። ዓመቱ ሲያልቅ ዛፉ ገና ቦንሳይ ላይመስል ይችላል። በሕይወት ካለና አዲስ ቀንበጥ ካወጣ ግን ባለቤቱ የጥበቡን ከባዱን ክፍል ተምሯል፤ ቅርጽ ለማስያዝ የሚቀረው ጊዜ ብዙ ነው።