«ፎር ዊል» ሁሉ አንድ አይደለም
በጭቃ ወቅት እሸት ቡና ለማድረስ የትኛው ተሽከርካሪ ይሻላል?

በጅማ ዞን የእሸት ቡና ለቀማ የሚጀመረው ዝናቡ ጨርሶ ሳያባራ ነው። በጎማ፣ በማና፣ በጌራና በሊሙ ኮሳ ወረዳዎች መስከረምና ጥቅምት ላይ ቀዩ አፈር ገና እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። እሸት ቡና ደግሞ ጊዜ አይሰጥም። በተለቀመበት ዕለት መፈልፈያ ጣቢያ ካልደረሰ ጆንያ ውስጥ ይሞቃል፣ መፍላት ይጀምራል፣ ጣዕሙ ይበላሻል፤ ዋጋውም አብሮ ይወርዳል።

ከጅማ አጋሮ ያለው 45 ኪሎ ሜትር ያህል አስፋልት ብዙም አያስቸግርም። ችግሩ የሚመጣው ከአስፋልቱ ተገንጥሎ ወደ ቀበሌ ሲገባ ነው። እዚያ በኋላ ጎማው ብቻ የሚነዳ የጭነት መኪና ሲቆም በቅሎ ያልፋል። የወረዳ ጽሕፈት ቤቶችና የኅብረት ሥራ ማኅበራት «ፎር ዊል» የሚፈልጉትም ለዚህ ነው፤ ነገር ግን በዚህ ስም የሚጠሩት መኪኖች አሠራራቸው ይለያያል።

መነሻው ዲፈረንሻል ነው። መኪና ሲታጠፍ የውጭው ጎማ ከውስጠኛው ረዘም ያለ መንገድ ስለሚሄድ፣ ሁለቱ በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ የሚፈቅደው እሱ ነው። ጭቃ ላይ ግን ይኸው ጥቅሙ ጉዳት ይሆናል። አንዱ ጎማ በከንቱ ሲሽከረከር ደረቅ መሬት የያዘው ጎማ ከዚያ የበለጠ ጉልበት አያገኝም። ስለዚህ አራቱም ጎማ ይነዳል የተባለ መኪና ከፊት አንድ፣ ከኋላ አንድ ጎማ እያሽከረከረ ባለበት ሊቀር ይችላል።

ሃይሉክስና ባለ 70 ተከታታዩ ላንድክሩዘር በተለምዶ በኋላ ጎማ የሚሄዱ፣ ሲያስፈልግ ብቻ የፊቱ የሚያያዝላቸው ናቸው። ሲያያዝ የፊትና የኋላ ዘንጎች እኩል ይዞራሉ። ጭቃ ላይ ይህ ጠንካራ አሠራር ነው። ደረቅ አስፋልት ላይ ግን ጎማዎቹ ተንሸራተው ልዩነቱን ማካካስ ስለማይችሉ ማርሾቹ ይወጣጠራሉ፤ ጎማም ያልቃል፣ ትራንስፈሩም ይጎዳል። ፕራዶና አሮጌው ላንድሮቨር ዲፌንደር ደግሞ አራቱንም ዘወትር ይነዳሉ። በፊትና በኋላ መካከል ተጨማሪ ዲፈረንሻል ስላላቸው አስፋልት ላይ አይቸገሩም። ጭቃ ውስጥ ሲገቡ ግን ያ መካከለኛ ዲፈረንሻል መቆለፍ አለበት፤ ዲፌንደሩ ካልተቆለፈ አንዲት የምትሽከረከር ጎማ አራቱንም ታቆማለች።

በአዳዲሶቹ መኪኖች ላይ ያለው ኤሌክትሮኒክ መቆጣጠሪያ የሚሽከረከረውን ጎማ በፍሬን ይዞ ጉልበቱን ወደ ሌላው ያሸጋግራል። ጥሩ ዘዴ ነው፤ ነገር ግን የሚሠራው ጎማው መሽከርከር ከጀመረ በኋላ ነው፤ ረጅም ጭቃ ላይ ፍሬኑን ያሞቃል። የኋላ ዲፈረንሻል መቆለፊያ ግን ሁለቱን የኋላ ጎማዎች አስቀድሞ አንድ ያደርጋቸዋል። ለቡና ቀበሌ መኪና ለሚገዛ ጽሕፈት ቤት ከቆዳ ወንበርና ከትልቅ ስክሪን ይልቅ ይህ መቆለፊያ ይጠቅመዋል። መቆለፊያው የሚያዘው ከመሰንጠቁ በፊት በቀስታ እየሄዱ ነው፤ ጠንካራ መሬት ሲደረስም ወዲያው ይፈታል፤ አለበለዚያ መኪናው መታጠፍ ይከብደዋል።

የጌራን ዓይነት ቁልቁለት ለሚወርድ ሹፌር ደግሞ ዝቅተኛው የትራንስፈር ማርሽ ከሁሉ ይቀድማል። ሞተሩ ራሱ መኪናውን ይዞ ያወርደዋል፤ እርጥብ አፈር ላይ ፍሬን መርገጥ ግን ጎማውን ቆልፎ ያንሸራትታል። አራቱ ጎማ መንዳቱ ለመውጣት እንጂ ለመቆም አያግዝም፤ ብዙዎችን ገደል አፋፍ የሚያደርሳቸው ይህን መርሳት ነው።

የትኛውም አሠራር ግን ያለቀ ጎማን አይተካም። ጥርሱ የጠፋ ጎማ በአራቱም ቢነዳ ጭቃውን ይልሳል እንጂ አይነክሰውም።

የቆሙ መኪኖችም ጉዳይ አለ። ከፊት ጎማው መሐል በእጅ የሚቆለፍ ሃብ ያላቸው አሮጌ ላንድክሩዘሮች፣ ሹፌሩ ወርዶ ካልቆለፈው የውስጡ ማንሻ ብቻውን የፊቱን ጎማ አያነዳም። ቶዮታ በመመሪያው፣ የፊቱ ክፍል ቅባት እንዲያገኝ በወር ቢያንስ 16 ኪሎ ሜትር በአራቱ ጎማ እንዲነዳ ይመክራል። ይህም አስፋልት ላይ ሳይሆን በጠጠር ወይም በአፈር መንገድ ላይ ቢደረግ ይመረጣል፤ ከጅማ ወጣ ብሎ እንዲህ ያለ መንገድ ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም።